ፓውል የሚባለው ስም ከየት መጣ? የአንድ የዌልስ የቤተሰብ ስም አመጣጥና አካሄድ

የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የኮሊን ፓውል ወላጆች ከጃማይካ የፈለሱ ነበሩ። የቤተሰባቸው ስም ግን የጃማይካም የእንግሊዝም ቃል አይደለም። «ፓውል» ሲፈታ ሁለት የዌልስ ቃላት ይወጡታል፤ «አፕ ህዌል» ማለትም የህዌል ልጅ። ስሙ የአገር መጠሪያ አይደለም፣ የሙያ መጠሪያ አይደለም፣ የጎሳም አይደለም። አንድ ዌልሳዊ አባቱ ህዌል ይባል ነበር፤ እሱ «የህዌል ልጅ» ተብሎ ተጠራ፤ ልጁ ሲወለድ ደግሞ ስሙ በአዲስ አባት ስም መቀየሩ ቀርቶ እዚያው ቆመ። ችግሩ ይህ ነገር የደረሰበት ሰው አንድ አለመሆኑ ነው። በብዙ መንደር፣ በተለያየ ዘመን፣ በማይዛመዱ ሰዎች ላይ ደርሷል። ስለዚህ «የፓውል ዘር ከየት ነው?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለም። መጠየቅ ያለበት «በዚህ በያዝኩት የዘር ሐረግ ውስጥ ስሙ የቆመው በየትኛው ትውልድ ነው?» ተብሎ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» የተባለበት ቦታ ብቻ የእኛ ነው።

ቃሉ ሲፈታ

በዌልስ ቋንቋ ወንድ ልጅ «ማብ» ነው። አይርላንዶችና ስኮትላንዶች በስማቸው ፊት የሚያደርጉት «ማክ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የዌልስ ቋንቋ አንድ ጠባይ አለው፤ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ እንደ አቀማመጡ ይለወጣል። «ማብ» በሁለት ስሞች መካከል ሲገባ «ቫብ» ይሆናል፤ ያም በአፍ እየሳሳ ሄዶ «አብ» ብቻ ቀረ። ለእኛ ጆሮ «አብ» አባት ነው፣ ለእነሱ ግን ልጅ ነውና እንዳይምታታ። ከአናባቢ በፊት «አብ» ሲባል ከተነባቢ በፊት «አፕ» ይባላል።

የቀረው የአፍ ሥራ ነው። «አፕ ህዌል»ን ሳያቋርጡ ቶሎ ቶሎ ሲሉት መነሻው «አ» ይዋጣል፣ «ህ» ትጠፋለች፣ «ፕ» ብቻዋን ከስሙ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። እኛ «ገብረ እግዚአብሔር»ን «ገብረግዜር» እንደምንለው ያለ ነው። በዚሁ መንገድ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሂው ፒው፣ አፕ ሃሪ ፓሪ፣ አፕ ሪቻርድ ፕሪቻርድ፣ አፕ ሮበርት ፕሮበርት ሆኑ። «አብ» የቀደማቸው ደግሞ በ«በ» ይጀምራሉ፤ አብ ኦዋይን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን፣ አብ አይኖን ቤይኖን ተባሉ።

ከዚያው ከህዌል የወጣ ሌላ መንገድም አለ። እንግሊዞች የባለቤትነት ምልክታቸውን «ስ» በስሙ መጨረሻ ላይ ጨመሩና «ሃውልስ» አሉ፤ «የሃውል» እንደማለት። ጆንስ፣ ዊሊያምስ፣ ኤቫንስ፣ ሮበርትስ የተሠሩት በዚህ ነው። አንዳንዱ ምንም ሳይጨመርበት «ሃውል» ሆኖ ቀረ። ፓውል፣ ሃውልና ሃውልስ እንግዲህ በመነሻቸው አንድ ናቸው፤ የአንድ አባት ሁለት ልጆች አንዱ ፓውል ሌላው ሃውል ተብለው ቢመዘገቡ የሚያስገርም አይደለም። በድሮ መዝገብ ደግሞ «አፖውል»፣ «አፕ ሃውል»፣ «ፖውኤል» እየተባለ፣ መጨረሻው አንዴ በአንድ ኤል አንዴ በሁለት ኤል ተጽፎ ይገኛል። የፊደል ልዩነት የዘር ልዩነት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም።

አነባበቡም ሁለት ነው። አብዛኛው «ፓውል» ይላል፤ የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን-ፓውል ግን «ፖኤል» ተብሎ ከ«ኖኤል» ጋር እንዲገጥም ነበር የሚፈልገው። የዚህ ሰው ስም ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። አባቱ ቄስና የኦክስፎርድ የሂሳብ ሊቅ ሲሆን የክርስትና ስሙ ቤደን፣ የቤተሰብ ስሙ ፓውል ነበር። በ1860 ሲሞት እናትየው ልጆቿ በአባታቸው እንዲታወቁ ብላ በ1869 የሟቹን ስም ከፓውል ፊት ቀጠለችው። ፓውል «የህዌል ልጅ» መሆኑን ያስታወሰ ባይኖርም፣ ሴትየዋ የዌልስ አያቶች ያደርጉት የነበረውን ያንኑ ነገር፣ የአባትን ስም ከልጅ ስም ላይ መቀጠልን፣ እንደገና አደረገችው።

ህዌል የተባለው ማን ነው?

ብዙ ሰው ቸኩሎ «ንጉሥ ህዌል ነዋ!» ይላል። በእርግጥ «ህዌል ዳ»፣ መልካሙ ህዌል የተባለ ንጉሥ ነበር። በ950 አካባቢ ሲሞት አብዛኛውን ዌልስ በአንድ እጅ ይዞ ነበር፤ በ928 ለመንፈሳዊ ጉዞ ሮም ሄዷል፤ የዌልስ የድሮ ሕግ በሙሉ በስሙ ይጠራል። «ሆዌል ሬክስ»፣ በላቲን ንጉሥ ህዌል፣ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በቼስተር ከተማ የተመታ አንድ የብር ሳንቲም በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ከጥንቱ የዌልስ ነገሥታት በስሙ የተመታ ሳንቲም የተገኘለት እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ዝና ግን ስሙን ተወዳጅ አደረገው እንጂ ፓውሎችን ሁሉ የንጉሥ ልጆች አላደረጋቸውም። ቴዎድሮስ የተባለ ሁሉ የቋራ ባላባት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከንጉሡ በኋላ ለስድስት መቶ ዓመታት በየመንደሩ ህዌል የተባሉ ገበሬዎች፣ አንጥረኞችና ቀሳውስት ነበሩ። ዛሬ ላለው ፓውል ስሙን የሰጠው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በ1500ዎቹ ወይም በ1600ዎቹ የኖረ ተራ ሰው።

ስም ሲንቀሳቀስ

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ክፍል ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ዌልሳዊው የሚጠራው በራሱ ስም፣ ከዚያ በአባቱ፣ ካስፈለገም በአያቱና በቅድመ አያቱ ነበር፤ ዴቪድ አፕ ህዌል አፕ ኢቫን አፕ ሪስ እየተባለ ይቆጠራል። የዴቪድ ልጅ ቶማስ ሲወለድ «ቶማስ አፕ ዴቪድ» ነው እንጂ «አፕ ህዌል» አይደለም። ሴት ልጅ «ቨርህ» በሚለው ቃል ትያያዛለች፤ ግዌንሊያን ቨርህ ህዌል፣ የህዌል ልጅ ግዌንሊያን። ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ በአባቷ ስም ኖራ በአባቷ ስም ትቀበራለች።

ሐረግ መቁጠር ለኩራት ብቻ አልነበረም። በዌልስ ሕግ ርስት ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፈላል፤ በኋላም የአጎት ልጆችና የእነሱ ልጆች እንደገና እንካፈል ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ እስከ ቅድመ አያት ድረስ ዝምድናውን ቆጥሮ ማስረዳት ያልቻለ ሰው መሬቱን ያጣል። ሰው ሲገደል የሚከፈለው የደም ካሳም በዘመድ ላይ የሚደለደል ስለነበር ከዚያ የራቀ ዝምድና ይቆጠራል። በ1188 ሊቀ ጳጳሱን ተከትሎ ዌልስን የዞረው ካህን ጄራልድ፣ ተራው ሕዝብ ሳይቀር እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ ከዚያም አልፎ በቃሉ እንደሚዘረዝር ጽፏል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው እነሱ ለርስትና ለደም ይቆጥሩ ነበር።

እንዴት ቆመ?

በየቦታው ደጋግሞ የሚነገር አንድ ስህተት አለ፤ «እንግሊዞች ዌልሶችን የቤተሰብ ስም ያዙ ብለው በሕግ አስገደዱ» ይባላል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በ1536 እና በ1543 የወጡት ሕጎች ዌልስን ከእንግሊዝ አስተዳደር ጋር አዋሐዱ፤ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ርስት ለልጆች እኩል የሚከፈልበት ሥርዓት ተሻረ። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሠራው ብዕር ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊ «ዴቪድ አፕ ህዌል አፕ ኢቫን አፕ ሪስ» የሚል ሰው ፊቱ ሲቆም ለግብር መዝገቡ አንድ የራስ ስምና አንድ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። «ዴቪድ ፓውል» ብሎ ይገላገላል። ሐረግ የመቁጠር ጥቅሙም ከርስቱ ሕግ ጋር አብሮ ስለሞተ የሚከራከረው አላገኘም።

መጀመሪያ የቀየሩት ባላባቶች፣ ነገረፈጆችና ወደ ለንደን የወጡ ሰዎች ነበሩ። ታላቁ ምሳሌ የእንግሊዝ የቱዶር ነገሥታት ናቸው። የሄንሪ 7ኛ አያት ኦዋይን አፕ ማረዲድ አፕ ቲዲር ይባል ነበር። በደንቡ በአባቱ በማረዲድ መጠራት ሲገባው እንግሊዝ ውስጥ የአያቱ ስም ተያዘለትና «ኦወን ቱዶር» ሆነ። በ1485 የልጅ ልጁ ዙፋን ላይ ሲወጣ ሥርወ መንግሥቱ ቱዶር ተባለ፤ በአባቱ ቢያዝ ኖሮ ዛሬ «የሜረዲት ዘመን» ነበር የምንለው። ፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም ሳይሆን የአያቱ ስም «የመጨረሻ ስም» ተደርጎ የተጻፈበት ሐበሻ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል። በ1600ዎቹ እንግሊዝን የገዛው ኦሊቨር ክሮምዌልም እንዲሁ ነው፤ የወንድ ዘሩ ሞርጋን አፕ ዊሊያም ከተባለ ዌልሳዊ የሚወርድ ሲሆን ክሮምዌል የሚለው ስም የመጣው ከሞርጋን ሚስት ወገን ነው። ቤተሰቡ በሰነድ ላይ ለረጅም ጊዜ «ክሮምዌል፣ በሌላ ስሙ ዊሊያምስ» እያለ ይፈርም ነበር።

ነገሩ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ደስ የሚል ተቃርኖ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ተጻፈ፣ ልማዱ ግን አልተነቃነቀም። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ሕግ ሳይኖር ልማዱ ተለወጠ። በውጭ አገር ባለው ሐበሻ ዘንድ የሚሆነው ለዌልሱ ይቀርባል። ቅጹ የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ይሞላል፤ ልጆቻቸው የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ያድጋሉ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልተደረገም። በእንግሊዝ ድንበር ላይ ባሉት በራድነርሻየር፣ በብሬክንሻየርና በሞንመዝሻየር፣ እንዲሁም ድንበሩን ተሻግሮ በሄርፎርድሻየርና በሽሮፕሻየር ቀድሞ ተጀመረ፤ «አፕ» ገና በአፍ ላይ ስለነበር ስሙ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ፓውል፣ ፕራይስና ፒው እዚያ የሚበዙት ለዚህ ነው። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ድሃው ገበሬ ስሙን ያቆመው በ1700ዎቹ፣ አንዳንድ ቦታም በ1800ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ «አፕ» ከጽሑፍ ጠፍቶ ስለነበር እዚያ የበዛው በ«ስ» የሚያልቀው ስም ሆነ።

ሌላም ጣጣ አለ። ስሞቹ በሚቆሙበት ዘመን ሕዝቡ የጥንቱን ዌልስ ስሞች ትቶ ጆን፣ ዊሊያም፣ ቶማስና ዴቪድ ማለት አብዝቶ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ስሞች አገሩን ሞሉት። ጆንስ ከሁሉ የበዛው ስም ሆነ፤ የሚገርመው የዌልስ ባህላዊ ፊደል «ጄ» የምትባል ፊደል እንኳ አልነበረውም። የልደትና የሞት መዝገብ ሹሙ በ1853 ዘገባው፣ ዌልስ ውስጥ ጆን ጆንስ ተብሎ መጠራት ስም እንደሌለው ሰው መሆን ነው እስከማለት ደርሷል። ከዚህ አንጻር ፓውል የሆነ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ፍለጋው ቢያንስ የሚያልቅ ነው።

በመዝገብ ውስጥ ፓውልን መከተል

ፍለጋ የሚጀመረው ከዛሬ ወደ ኋላ ነው። ከንጉሥ ህዌል ተነስቶ ወደ ታች የወረደ ሁሉ የፈለገውን አግኝቷል፤ ያገኘው ግን እውነት አይደለም።

የእንግሊዝና የዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። ከሦስቱ ወረቀቶች ለዚህ ሥራ የሚበልጠው የጋብቻው ነው፤ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስምና ሙያ ይናገራል። ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ አለ፤ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፣ የሰዎች ስም የሚገኝበትም በአገር ደረጃ ከ1841 ጀምሮ ነው። የ1841ን ዕድሜ ግን እንዳለ አትመኑ፤ ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት አምስት እንዲያጠጋጉ ታዘው ነበር፣ 39 ዓመት የሆነው 35 ተብሏል። የትውልድ አጥቢያም የለበትም። አጥቢያውንና የዝምድናውን ዓይነት የሚናገረው የ1851ዱ ነው፤ ስለዚህ አያቱ ከ1851 በኋላ የሞቱ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

ከ1837 በፊት ያለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ትዕዛዙ የወጣው በ1538 ቢሆንም አብዛኛው የዌልስ አጥቢያ መዝገብ የተረፈው ከ1600ዎቹ ወዲህ ያለው ነው። ዋናው መዝገብ ከጠፋ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ የነበረው ግልባጭ ሊኖር ይችላል። የጠፋ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ ወላጆቹ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው እንደሆነ መጠርጠር ነው፤ በተለይ ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም፣ ስለዚህ የሕፃን ጥምቀት መዝገብ የላቸውም።

ቁም ነገሩ እዚህ ይመጣል። የ1680 መዝገብ ላይ «ፓውል» ተጽፎ ማግኘት ስሙ የቤተሰብ ስም ሆኗል ማለት አይደለም። ሰውየው ራሱን «አፕ ህዌል» ብሎ የአባቱን ስም መናገሩ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ነው ፓውል ያደረገው። መለያው ቀላል ነው፤ የሰውየውን አባት የራስ ስም ይፈልጉ። አባትየው ህዌል ወይም ሃውል ከተባለ ነገሩ ገና አልታወቀም፣ አንድ ትውልድ ወደ ታች ይውረዱ። አባትየው ሌላ ስም እያለው ልጁ ፓውል ከተባለ ስሙ ቆሟል።

በምሳሌ እንየው፤ ሰዎቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። ኢቫን አፕ ህዌል የሚባል ገበሬ አለ፤ መዝገቡ «ኢቫን ፓውል» ይለዋል። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ትልቁ ዊሊያም በድሮው ደንብ «ዊሊያም ኢቫን» ተባለ፤ ሁለተኛው ዴቪድ «አብ ኢቫን» ብሎ «ዴቪድ ቤቫን» ሆነ፤ ትንሹ ሪስ ድንበሩን ተሻግሮ ሄርፎርድሻየር ገባና የአባቱን የተጻፈ ስም ይዞ «ሪስ ፓውል» ተባለ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሦስት የቤተሰብ ስም መሠረቱ። ፓውል የቆመው በሪስ ላይ ነው፣ አባቱ ኢቫን ሆኖ ሳለ ፓውል ተብሏልና። የሪስን ዘር የሚቆጥር ሰው ከኢቫን በላይ ያሉትን «ፓውሎች» ፍለጋ ቢገባ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከኢቫን በላይ የሚፈለገው ህዌል የተባለው ሰው ነው፣ እሱም የሚገኘው በገዛ አባቱ ስም ነው።

ይህን የሚፈታው በአብዛኛው ኑዛዜ ነው። አባት ሲናዘዝ «ልጄ ዊሊያም ኢቫን፣ ልጄ ሪስ ፓውል» ብሎ ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ይሰበስባቸዋል። ከ1858 በፊት በዌልስ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የጸደቁት ኑዛዜዎች አበሪስትዊዝ በሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ከ190,000 በላይ ሲሆኑ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ሁለተኛው ረዳት የእርሻው ስም ነው። ዌልስ ውስጥ እያንዳንዱ የእርሻ ቤት ስም አለው፤ የሰው ስም በየትውልዱ ሲቀየር የቤቱ ስም ባለበት ይቆያል። በመዝገቡ ዳር ላይ የተጻፈውን የእርሻ ስም ትቶ የሰዎቹን ስም ብቻ የሚገለብጥ ሰው ቁልፉን ውጭ ረስቶ በር እንደሚገፋ ነው። ሦስተኛ፣ ፓውልን ብቻ አይፈልጉ፤ በአንድ አጥቢያ ውስጥ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተጠመቁትን የፓውል፣ የሃውል፣ የሃውልስ ልጆች፣ እንዲሁም አባታቸው ህዌል የተባለውን ሁሉ ገልብጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አድካሚ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ጥቂት ቦታዎች ደግሞ አሉ። ሚስት በቀብር መዝገብ ላይ በአባቷ ስም ስትገኝ «ሁለተኛ ሚስት ነበረችው» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይመጣል፤ ያችው የመጀመሪያዋ ናት። «ሃውል ፓውል» የሚል ሰው ሲገኝ ስሙ በስህተት የተደገመ ይመስላል፤ ይሁንና በአባቱ ስም የተሰየመ፣ ወይም ስሙ ከቆመ በኋላ የአያት ስም የወጣለት ሊሆን ይችላል። ከ1733 በፊት የፍርድ ቤት መዝገብ በላቲን ስለሚጻፍ «አፕ» የሚለውን «ፊሊዩስ»፣ በላቲን ልጅ ማለት፣ ተክቶት ይገኛል። የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ ነው፤ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበር። «የካቲት 1700» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር የካቲት 1701 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ልጁ በግንቦት 1700 ተወልዶ በየካቲት 1700 ሲቀበር ሲያይ ከመወለዱ በፊት ሞተ ብሎ ይደናገጣል፤ በአቆጣጠር ልዩነት ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን እዚህ ላይ ብዙ አይቸገርም።

ፓውል ያልሆኑ ፓውሎች

ሁሉም ፓውል ከህዌል አይመጣም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ጳውሎስ የሚለው ስም «ፖውል» ተብሎም ይጠራ ስለነበር፣ ከዌልስ ርቀው በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኙ አንዳንድ ፓውሎች የጳውሎስ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ሃውል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በ1066 እንግሊዝን ከወረሩት ከኖርማኖች ጋር የመጡት ብሬቶኖች፣ የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ሰዎች፣ «ሆኤል» የሚል፣ ከህዌል ጋር ዘመድ የሆነ ስም ይዘው መጥተዋል።

«የፓውል ቤተሰብ አርማ» እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው ሰሌዳ ደግሞ ንግድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ለእሱና ለቀጥተኛ ወራሾቹ እንጂ ስሙን ለተጋራ ሁሉ አይደለም። የዘረመል ምርመራም የሚጠበቀውን ላይሰጥ ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም በሁለት ፓውሎች ላይ ሲመረመር ጨርሶ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። ምርመራው አልተሳሳተም፤ ሁለት የተለያዩ ህዌሎች ናቸው። ጥቅሙ ለተቃራኒው ነው፤ ከአንድ ሸለቆ የወጡ አንድ ፓውልና አንድ ቤቫን በምርመራው ከተገናኙ፣ ከላይ እንዳየናቸው ወንድማማቾች ያሉ ልጆች ዘር ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙ ከዌልስ ሲወጣ

በ1642 ገጣሚው ጆን ሚልተን ያገባት ሜሪ ፓውል የኦክስፎርድሻየር ልጅ ነበረች፤ ስሙ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ መሀል ገብቷል። ከዚያም በፊት በ1607 ቨርጂኒያን ከመሠረቱት ሰፋሪዎች መካከል ናትናኤል ፓውል ይገኛል። በ1869 የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ ወርዶ ግራንድ ካንየንን ያቋረጠው ባለ አንድ እጁ ጆን ዌስሊ ፓውል፣ አባቱ የመጣው ከዌልስ ድንበር አጠገብ ካለችው ከሽሩዝበሪ ነው። በ1968 በስደተኞች ላይ ባደረገው ንግግር የሚታወቀው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓውል ቤተሰቦቹ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ፍለጋ ከራድነርሻየር ወደ እንግሊዝ የኢንዱስትሪ አካባቢ የፈለሱ ነበሩ። ይኸው ሰው የዌልስን ቋንቋ ተምሮ በ1942 ከሌላ ሊቅ ጋር ሆኖ የንጉሥ ህዌልን ሕግ ከጥንቱ ብራና አሳትሟል፤ «የህዌል ልጅ» የህዌልን ሕግ አሳተመ ማለት ነው።

በጥቁር አሜሪካውያንና በካሪቢያን ሰዎች ዘንድ ግን ከላይ ያየነው የፍለጋ ዘዴ አይሠራም። እዚያ ስሙ የመጣው በአባትና በልጅ ሐረግ ሳይሆን በብዛት በባርነት ሥርዓት በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ ነፃ የወጡት ሰዎች በሙሉ ስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የ1870 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት የ1850 እና የ1860 ዝርዝሮች ባሪያው ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ፣ በባለቤቱ ስም ሥር ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በ1870 የተገኘን ፓውል ወደ ኋላ ለመከተል በዚያው አውራጃ የነበሩ ነጭ ፓውሎችን ኑዛዜ፣ የውርስ ዝርዝርና የሽያጭ ውል መመርመር ያስፈልጋል። እሱም ያለ ጥንቃቄ አይደለም፤ ነፃ የወጣው ሰው የመጨረሻውን ጌታውን ስም ሳይሆን የቀድሞውን፣ ወይም አባቱ ይጠራበት የነበረውን፣ ወይም ደስ ያለውን የመረጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1865 ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለዱት ትልቁ አዳም ክሌይተን ፓውል ከዚያ ትውልድ ናቸው። በ1908 የኒውዮርኩ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ፤ በእሳቸው ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሃርለም ገባ። በ1937 ቦታውን የወሰደው ልጃቸው በአባቱ በራሱ ስም ትንሹ አዳም ክሌይተን ፓውል ይባላል፤ ከ1945 ጀምሮ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በ1808 ሲመሠረት በአምልኮ ቦታ በዘር ተለይተን አንቀመጥም ብለው ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩበት በራሱ ትውፊት ይነገራል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 በጎበኙት ጊዜ የኢትዮጵያ መስቀል ሰጥተውታል፤ ያንን መስቀል የተቀበለው ትንሹ ፓውል ነበር።